ጥቁሩ የዋና ልብስ

በሌላው አገር ሰው ልብሱን ሲያወልቅ ወሬ ይሆናል፤ በእኛ መንደር በሆልምዶርፍ ግን ወሬ የሚሆነው ለብሶ የመጣው ነው። ስለዚህ ቪብከ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሙኒክ ተመልሳ፣ አንገቷ ድረስ የሚዘጋ ጥቁር የዋና ልብስ ለብሳ ባሕር ዳር የወረደች ዕለት፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ዳቦ ቤት ገብቶ ነበር።

የእኛ ባሕር ባልቲክ ነው፤ በሰኔም ቢሆን አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። አሸዋችንን አንድ ነጭ ምሰሶ ለሁለት ይከፍለዋል። ከምሰሶው ወዲህ ያሉት የዋና ልብስ ለብሰው፣ ባለ ጣሪያ የቅርጫት ወንበር ተከራይተው ይቀመጣሉ። ከምሰሶው ወዲያ እኛ ነን፣ መለመላችንን። የኔ የጉንዱላ ዓሣ መሸጫ ልክ ምሰሶው ሥር ስለሆነች ሁለቱንም ወገን አያለሁ። የወዲያዎቹ ፎጣ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ሳንቲማቸውን አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሏት ትንሽ ቦርሳ ይዘው ይመጣሉ። የወዲህዎቹ ደግሞ ዳቦ በዓሣ ይገዙና እየበሉ ዓይናቸውን ወዲያ ማዶ ይሰዳሉ። የበርሊን ግንብ ፈርሶ የምዕራብ ጀርመኖቹ መምጣት ከጀመሩ ወዲህማ ብሶባቸዋል። አምና አንዱ ካልሲና ጫማውን እንዳደረገ፣ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ዓይኑ ላይ ደግኖ ግማሽ ቀን ቆመ። ምን እንደሚያይ ብጠይቀው «ወፍ» አለኝ። «ላባቸውን ያወለቁትን ነው?» ስለው መነጽሩን አጣጥፎ ሄደ።

ደንባችን አጭር ነው። ፎጣህን አንጥፈህ ትቀመጣለህ፣ ሰውን ፊት ፊቱን እያየህ ታወራለህ፣ ካሜራህን ቤትህ ትተዋለህ። ለብሰህ የመጣህ እንደሆነ ወይ ታወልቃለህ፣ ወይ የውሃውን ዳር ተከትለህ ሳትቆም ታልፋለህ። ደግሞ ከምሰሶው ወዲያ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ነው። ሐኪማችንን ክሊኒኩ ውስጥ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ አሸዋው ላይ ግን «ፎጣዬን ረገጥክብኝ እኮ» ነው የምለው።

ቪብከ እዚህ ነው ያደገችው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች፣ ከእኔ ቤትና ከእናቴ ከሄድቪግ እግር ሥር አትጠፋም ነበር። የወንድሜ ልጅ ሄኒንግም እንደዚያው። ሁለቱ ሃያ ዓመት እስኪያልፋቸው ሲነታረኩ ኖሩና አንድ በጋ ላይ ድንገት ዝም ተባባሉ፤ እኔም ያን ጊዜ መዋደዳቸው ገባኝ። ከዚያ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካው ተዘጋ፣ እሷ ሥራ ፍለጋ ሙኒክ ሄደች፣ እሱ ደግሞ ከባሕር ርቆ መኖር አልሆንልህ አለውና እዚሁ የቅርጫት ወንበር ማከራየት ያዘ። በየሳምንቱ ይጻጻፉ ነበር። የእሷ ደብዳቤ መድረሱን የማውቀው እሱ ወንበሮቹን ሲያቆም ሲያፏጭ ነው። ካለፈው መኸር ጀምሮ ፉጨቱ እየሳሳ ሄደ፤ የገና በዓል ሊደርስ ሲል አንዲት አጭር ደብዳቤ መጣች። «ሄኒንግ፣ አትጠብቀኝ» ትላለች። ምክንያቱ አልተጻፈባትም። ሄኒንግ ያን ብርድ ሙሉ ያልተሰበሩ ወንበሮች ሲጠግን ከረመ።

ሐሙስ ዕለት መሸጫዬ ፊት ስትቆም መጀመሪያ ያየሁት ልብሷን ነው፤ ቀጥሎ ነው ፊቷን ያየሁት።

«አክስቴ ጉንዱላ።»

«ቪብከ፣ የኔ ልጅ፣ ከየት ተገኘሽ?» ብዬ እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ ወጣሁ። በጎን በኩል፣ በቀኝ ትከሻዋ ብቻ አቀፈችኝ። ሙኒክ እንዲህ ነው የሚተቃቀፉት ብዬ ተውኩት። «የት ነው ያረፍሽው?»

«ፔንሲዮን ይዣለሁ።»

«ፔንሲዮን? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው።»

«እና ይሄ ምንድነው?» አልኩ ወደ ጥቁሩ ልብስ በአገጬ እየጠቆምኩ። «ብርድ ያዘሽ እንዴ?»

«ትንሽ» አለች።

«ሙኒክ ባሕር የላትም ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የዋና ልብስ ግን ሞልቷታል ለካ።»

ሳቀች፤ እኔን ላለማሳፈር ብላ ነው የሳቀችው። ከዚያ ዓይኗ ወንበሮቹ ወደተደረደሩበት ሄደ። «አለ?» አለችኝ።

«የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

አለ። ማታ ማታ ወንበሮቹ የሚቆለፉባቸውን ቁልፎች በገመድ አንጠልጥሎ እየመጣ ነበር። ሲያያት እግሩ ቆመ፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ከዚያ ዓይኑ ከፊቷ ወረደ፣ አንገቷ ድረስ የተዘጋውን ጥቁር ልብስ አየ፣ ደስታውም እዚያው ላይ በረደ። የኛ ሰው ነውና ሌላ ነገር ሊያስብ አልቻለም።

«እንደምን ዋሉ?» አላት። «ወንበር ይፈልጋሉ?»

«ሄኒንግ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«ማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ወደ ባሕሩ የዞረ ይሻልዎታል ወይስ ወደ ፀሐይ?»

ቪብከ ከንፈሯን ነከሰች። «ወደ ፀሐይ» አለች።

«እስከ መቼ?»

«እስከ እሁድ። እሁድ ከሰዓት ባቡር አለኝ።»

ከገመዱ ላይ አንድ ቁልፍ ፈትቶ መዳፏ ላይ አኖረላት፤ ጣቱ እንዳይነካት ተጠንቅቆ ነው ያኖረው። እሷ መዳፏን ጨብጣ ሄደች። እኔ እዚያው ዓሣዬ መሀል ቆሜ፣ አብሯት ባደገ ሰው «እርስዎ» መባል እንዴት እንደሚበርድ አሰብኩ።

«አንተ ምን ነካህ?» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ? ከምሰሶው ወዲህ ደንቡ ይኸው ነው።»

«ከእኔ ጋር ደንብ አትጫወት።»

«አክስቴ፣ አታይም እንዴ?» አለ። «እዚህ ድረስ ዘግታዋለች። ከእኔ ተሸፈነች። ከአንቺም ተሸፈነች። ፔንሲዮን ያረፈች ዕለት፣ ያንን የለበሰች ዕለት እኮ ነው የሄደችው። ደብዳቤውማ ምንም አልነበረም።»

እኛ ዘንድ ሰው ሲሸፋፈን ሌላ ትርጉም የለውም፤ ተለየኋችሁ ማለት ነው።

*

በየዓመቱ በሰኔ ወር፣ ከእሁዶቹ በአንዱ፣ ባሕራችንን እንከፍታለን። መንደሩ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ እየጮኸ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ከንቲባችን ከሹመት ሐብሉ በቀር ምንም ሳያደርግ ፊት ፊት ይሮጣል። ዘንድሮ ቪብከ የምትሄድበት እሁድ ላይ ዋለ፤ ዋዜማው ቅዳሜ የዝግጅት ቀን ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቦታው ከነፋስ የሚከልል ክብ የአሸዋ ቅጥር ይሠራል። የእናቴን የሄድቪግን ቅጥር፣ እሷ ከሞተች ጀምሮ የሚሠራው ሄኒንግ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአካፋ ሲቆፍር፣ ቪብከ ምሰሶውን አልፋ መጣች። ያው ጥቁር ልብስ አለ። ከላዩ ላይ ሸሚዝ ደርባበታለች። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ራቁቱን ነው፤ ራቁቷን የቆመችው ግን እሷ ብቻ መሰለች። ማንም ምንም አላላትም። አሮጌው የመርከብ መካኒክ ኡቬ እንኳ፣ ስለ ሁሉም ነገር የሚቀልደው ኡቬ፣ ዝም ብሎ ቢራውን ጠጣ።

«ሄኒንግ፣ ላናግርህ ነው የመጣሁት» አለች።

አካፋውን አሸዋው ላይ ተከለው። «ደንቡን ያውቁታል» አላት። «ወይ ያወልቃሉ፣ ወይ የውሃውን ዳር ተከትለው ያልፋሉ።»

«እባክህ፣ እንዲህ አትሁን።»

«እንዴት ልሁን ታዲያ? አትጠብቀኝ ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልጻፍኩም።» ሳያውቀው «አንቺ» ብሏት ነበር፤ ሲያውቀው ፊቱ ይበልጥ ጠቆረ። «እኔ የጠበቅኋት ልጅ እዚህ መጥታ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። እርስዎን አላውቅዎትም።»

እጇ ተነሥቶ ግራ ደረቷ ላይ አረፈ። የሆነ ነገር ልትለው አፏን ከፈተች፤ ዙሪያዋን አየች፤ ተወችው። ከዚያ ልክ ደንቡ እንደሚለው የውሃውን ዳር ተከትላ፣ ሳትቆም፣ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ሞገዱ ጫማዋን ሲያርሰው እንኳ አልሸሸችም።

ሄኒንግ ተመልሶ መቆፈር ጀመረ። አሸዋውን የሚወጋው እንደ ጠላት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። ቅጥሩን ለሁለት ሰው አድርጎ ነበር የሠራው። ሐሙስም አርብም ተቆጥቶ፣ ቅዳሜም ተቆጥቶ፣ እጁ ግን ለእሷ ቦታ ይተው ነበር።

*

መሸጫዬን ዘጋሁና፣ ሽርጤን እንደታጠቅሁ ወደ ወንበሯ ሄድኩ። የቅርጫት ወንበር ለሁለት ሰው ነው የሚሠራው፤ ገፋ አድርጌያት ገባሁ። ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አልቅሳ አልቅሳ አፍንጫዋ ቀልቷል።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ዓሣ ነጋዴ ነኝ፤ የሸተተ ነገር አያመልጠኝም» አልኳት። «ሙኒክ ሌላ ሰው ካለሽ ንገሪኝና ልጁ አልቅሶ ይውጣለት። ከሌለሽ ደግሞ ምን እንደሆንሽ ንገሪኝ።»

«ማንም የለኝም።»

«እሺ።»

ጥቁር ጨርቁን በጣቷ እያፍተለተለች፣ «ግራ ጡቴን ወስደውታል አክስቴ» አለችኝ። «በኅዳር።»

እጇን ያዝኩ፤ እንደ ባሕሩ ይቀዘቅዛል።

«ካንሰር ነበር። አሁን ጸድቷል ይላሉ፤ እየተመላለስኩ እታያለሁ።»

«እና ኅዳርን ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ለምን? እኔ የለሁም? እሱ የለም?»

«አታውቂውም እሱን?» አለች። «ብነግረው በማግሥቱ ባቡር ተሳፍሮ ይመጣል። አልጋዬ ሥር መሬት ላይ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ይወደኝ ይሁን ይዘንልኝ በምን አውቃለሁ? ሄኒንግ መዋሸት አይችልም። ልብሴን ያወለቅሁ ቀን ፊቱ ላይ አየው ነበር። ያን ከማይ ብዬ ነው አትጠብቀኝ ያልኩት።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አልቻልኩማ።» እንባዋ እንደገና መጣ። «አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው። ልነግረውም ነበር፤ ሰው በሌለበት፣ ቀስ ብዬ። እሱ ግን በሩን ዘጋብኝ። ተሸፈንሽ አለኝ። ደበቅሽ አለኝ። ልክ ነው ደግሞ፤ ደብቄያለሁ።»

«ከእኛስ? ከእኔስ ምን አስደበቀሽ? አንድም ሰው አያፈጥብሽም ነበር።»

«ያንኑ እኮ ነው የፈራሁት» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «አታፈጡም። ጨዋዎች ናችሁ። ዓይናችሁን ቀና አድርጋችሁ ስለ አየሩ ታወሩኛላችሁ። ከሙኒክ ሰው ይህን አልፈራም፤ ያፍጥ ከፈለገ። እናንተ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እንደማንም ሰው ስታዩኝ ኖራችሁ፣ አሁን ላለማየት ስትጠነቀቁልኝ ባይ እዚያው አሸዋው ላይ እሞታለሁ።»

ከፊታችን አንዲት የምዕራብ ሴት ትልቅ ባርኔጣዋን ነፋስ ወስዶባት ትሮጣለች። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ለምን ያን ያህል እንደዘገየች እንጃ።

«ሄድቪግን ታስታውሻታለሽ?» አልኳት።

«እንዴት አላስታውስም?» ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። «በጋውን ሙሉ ቅጥሯ ውስጥ ነበር የምንውለው። ፕሪም በመሐረብ ቋጥራ ታመጣልን ነበር። ፍሬውን ማን አርቆ ይተፋል ብላ ታወዳድረናለች።»

«መልኳስ?»

«ነጭ ጉንጉን። ሰማያዊ ኮፍያ። ትከሻዋ በፀሐይ ተላልጦ... ሆዷ ትልቅ ነበር፤ ስትስቅ ይንቀጠቀጣል። ጉልበቷ ላይ ጥቁር ምልክት ነበራት፣ ጸጉር ያለው። ሄኒንግ እሱን መጎተት ይወድ ነበር።»

«ጡቷስ?»

«ምን?»

«ጡቷ። ስንት ጡት ነበራት?»

ቪብከ ልትመልስልኝ ጀምራ ቆመች። ዓይኗ ወደ ምሰሶው ማዶ፣ ሄኒንግ አካፋውን ጥሎ ወደተቀመጠበት ቅጥር ሄደ። ያን ሁሉ በጋ አንድ በአንድ ስታገላብጥ ፊቷ ላይ አየሁ።

«አንድ» አለች።

«አንድ።»

«በቀኝ በኩል እረፍ ትለኝ ነበር... እንቅልፌ ሲመጣ፣ በዚህ በኩል ተኚ፣ ያኛው ትራስ የለውም ትለኝ ነበር። አክስቴ፣ እንዴት ረሳሁት?»

«አልረሳሽውም። ጉልበቷ ላይ ያለውን ምልክት ታዪ ነበር፣ ያንንም ታዪ ነበር። ለይተሽ የምታስቀምጪው ነገር አልነበረም።» የኔም እንባ መጣ፤ በሽርጤ ብጠርገው ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ። «ከጦርነቱ በኋላ ነው የወሰዱት። መጀመሪያ የወጣች ዕለት ሰዉ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የማውቀው ከዚያ በኋላ የነበረውን በጋ ሁሉ እዚያው ቁጭ ብላ እንደዋለች ነው። ሰው ምን ያህል እንደሚጠነቀቅላት ጠይቀሻት ቢሆን፣ ሆዷ እስኪያማት ትስቅብሽ ነበር።»

ቪብከ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። በኅዳር ማልቀስ የነበረባትን ይመስለኛል ያለቀሰችው።

«ለሄኒንግ አልነግረውም» አልኳት ስነሣ። «ይሄ ያንቺ ነው። እሁድ ባቡሩን ብትይዢም ስንቅ እቋጥርልሻለሁ።»

እንዲህ ብዬ ሄድኩ እንጂ፣ ከሆዴ ባቡሩ ሐዲዱን እንዲስት ስመኝ ነበር።

*

እሁድ ባሕሩ መስተዋት መስሎ ዋለ። የመንደሩ ሙዚቀኞች መለከታቸውን ብቻ ይዘው ተሰለፉ፤ ከንቲባው ሐብሉን አጥልቆ ብርዱን ለመርሳት ይዘላል። እኔ በርሜሌ ውስጥ ዓሣዬን ጭስ ላይ አድርጌ፣ አንድ ዓይኔ ዓሣው ላይ፣ አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። ሄኒንግ ከሰዉ ተለይቶ ቅጥሩ ውስጥ ተቀምጧል። ጀርባውን ለምሰሶው ሰጥቷል፤ ባቡር ጣቢያ የሚሄድ ሰው ከዚያ በኩል ያልፋልና።

መጣች። ቀሚስ ለብሳለች፣ ሻንጣዋ በእጇ ነው። ምሰሶው ጋ ስትደርስ ሻንጣውን አስቀመጠች። ቀሚሷን አውልቃ አጠፈችና ሻንጣው ላይ አደረገችው። ከሥሩ ያው ጥቁር ልብስ አለ። ወደ እኔ አየች፤ እኔም ሽርጤን ያዝ አድርጌ ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁላት። ማሰሪያውን ከአንድ ትከሻዋ፣ ከዚያ ከሌላው አወረደች። ልብሱን አወለቀችና ምሰሶው ላይ ባለው ምስማር ሰቀለችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ገባች።

ጠባሳው ከብብቷ ሥር ተነሥቶ ደረቷ መሀል ድረስ ይሄዳል፤ ገና ቀይ ነው። እንዳይ ስለፈቀደችልኝ አየሁት።

መንደሩ ደግሞ እግዜር ይስጠው፣ መንደሬ ሆነ። መጀመሪያ ያያት ኡቬ ነው። «ቪብከ! ዘግይተሻል» አላት። «ትንሽ ብትቆዪ ባሕሩ ሊሞቅና ደስታው ሊቀርብን ነበር።» ዳቦ ጋጋሪዋ ከሰልፉ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ሐኪሙ ጠባሳውን አየት አደረገና፣ «ቆንጆ አድርገው ነው የሰፉሽ፤ ፀሐዩ እንዳያቃጥለው ግን ቅባት ተቀቢ» ብሎ እጁን ማሟሟቁን ቀጠለ። ማንም ስለ አየሩ አላወራም። ቪብከ በእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ስታልፍ ትከሻዋ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቦታው ሲመለስ አየሁ።

ቅጥሩ አፋፍ ላይ ስትደርስ ጥላዋ ሄኒንግ ላይ ወደቀ። ዞረ። አየ።

ፊቱ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ለቅጽበት ያህል ብቻ ነው ያየሁት፤ ወዲያው እንዳሳደግነው፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ ዓይኑን መለሰና ወደ ባሕሩ አዞረ።

«አታዙር» አለችው። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ሁላችንም ሰማነው። «ሄኒንግ፣ ሰው ሁሉ ጨዋ ይሁን። አንተ ግን እየኝ።»

ቀስ ብሎ ዞረ። ተነሥቶ ቆመ። አያት። ፊቷን አየ፣ ጠባሳውን ከጫፍ እስከ ጫፉ አየ፣ እንደገና ፊቷን አየ። ሙዚቀኞቹ መለከታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መንፋት ረሱ።

«ለዚህ ነው?» አላት።

«ለዚህ ነው።»

«አትጠብቀኝ ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ትናንትናም... እኔ ደበቅሽ ስልሽ፣ እጅሽ እዚህ የሄደው?»

«አዎ።»

እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም። «ያማል?»

«ሲበርደኝ ይስበኛል።»

«ልንካው?»

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። የተላላጠ፣ ወንበር ሲጠግን የኖረ እጁን አነሣና መዳፉን ጠባሳው ላይ አሳረፈ፤ እንደዚያ አድርጎ ቆየ። እሷ ዓይኖቿን ጨፈነች። ከዚያ የኔ ብልጥ የወንድም ልጅ፣ በሕይወቱ ታላቅ ቀን፣ ለሴት ልጅ ያለውን ስሙ።

«አያቴን መሰልሽ» አላት።

ከንቲባው አሳለው። «ሄኒንግ» አለ ኡቬ በሹክሹክታ፣ «እንዲህ አይባልም።»

ቪብከ ግን ሳቀች። ከሆዷ ነው የሳቀችው፤ እስክትጎብጥ፣ ትከሻው ላይ እስክትይዝ። ሐሙስ ለእኔ ብላ የሳቀችው ሳቅ ከዚህ ጋር አይገናኝም። እሱም መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዚያ እሱም ሳቀ፣ ሲስቅም ያለቅሳል።

«በክፉ አይደለም እኮ» አለ። «በዓለም ላይ ከእሷ የበለጠ ማንን ወድጄ ነው? ቪብከ፣ ትናንት ያልኩሽን...»

«አንቺ በለኝ ብቻ።»

«አንቺ» አላት። «አንቺ። አንቺ። ትሄጃለሽ?»

ፊቷ ላይ ጥላ መጣ። «መሄድ አለብኝ። ሥራዬም ሐኪሞቼም እዚያ ናቸው።»

እነሆ ሁለት ዓመት የለያያቸው ነገር። ሄኒንግ ባሕሩን አየ። ከእርሱ ርቆ አንድ ወር ኖሮ አያውቅም።

«ብርዱን ሙኒክ፣ በጋውን እዚህ» አለ። «በበረዶ የቅርጫት ወንበር የሚከራይ የለም። አክስቴ በጋ እስክንመጣ ቁልፎቹን ትይዝልኛለች።»

«አንተ? ከባሕር ርቀህ?»

«ከባሕር ርቄ መኖር ያቃተኝ አንቺም ባሕሩም እዚህ ስለነበራችሁ ይሆናል። ባለፈው ብርድ ባሕሩ እዚሁ ነበር። ምንም አልጠቀመኝም።»

ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች። በግራዋም በቀኟም፣ ሙሉ ሰውነቷን አስጠግታ ነው ያቀፈችው።

በዚህ መሀል ከንቲባው ብርዱ ስለባሰበት «እጅ ለእጅ!» ብሎ ጮኸ፤ መለከቱ ተነፋ። መንደሩ ሁሉ ተያያዘ። እኔም ሽርጤን ወረወርኩና እየሮጥኩ ሄጄ የቪብከን ግራ እጅ ያዝኩ። ያ ውሃ ሲነካን የጮኽነው ጩኸት ዴንማርክ ሳይሰማ አይቀርም። ባቡሩ ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ ሦስታችንም አንገታችን ድረስ ገብተን ነበር።

ስወጣ ዓሣዬ ሁሉ አሯል። አንድ ሙሉ በርሜል፣ ከሰል። ከሁለቱም ወገን አንድም ሰው አልቀየመኝም፤ ከወዲህ በኩል ያቺ ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሴት እንኳ መጥታ፣ ዓይኗን ከምሰሶው ላይ ሳትነቅል፣ «ይህ የዋና ልብስ ባለቤት የለውም?» ስትል ጠየቀችኝ። «ነበረው» አልኳት።

ያረረውን ዓሣ በሳህን ይዤላቸው ሄድኩ። ለሁለት ሰው በተሠራው ቅጥር ውስጥ ለሦስት ተጠጋጋን። ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ሄኒንግ ዓሣውን እየፈተፈተ አጥንቱን ይለቅማል፤ ቪብከ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ናት። እናቴ ሰው ዓይቶ ምን ይለኛል ብላ አንድ በጋ እንኳ ቤቷ ቀርታ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ቅዳሜ ለዚህች ልጅ የምላት ነገር አይኖረኝም ነበር። እናቴን በልቤ አመሰገንኳት። ስትሞት እንኳ እንዲህ አድርጌ አላመሰገንኳትም።

«ብርድ ያዘሽ እንዴ?» አልኳት ፎጣ እየዘረጋሁላት።

«በጣም አክስቴ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። ፎጣውን ግን አልተቀበለችኝም። «ትንሽ ልቆይ።»